ቦታዋ ያልተጻፈላት ተክል

ከሐዋሳ ተነስቼ ደቡብ ወሎ ደርሼ የተመለስኩበትን የአምስት ቀን መንገድ እዚህ አስፍሬዋለሁ። ሐይቅ ከተማንና አምባሰልን ለማያውቅ፣ ምናልባትም መቼም ለማይሄድ አንባቢ ነው የጻፍኩት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፤ የመጨረሻውን መንደር ስም አልጻፍኩም። ምክንያቱ ስንደርስ ይታያል።

ማክሰኞ

ለዘገባ አብሬያቸው የሄድኩትን ዶክተር ሰዓዳን ያገኘኋቸው አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በማለዳ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪ ናቸው። ግማሽ ዕድሜያቸውን በመስክና በማስተማር አሳልፈው አሁን የአንድ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ሆነዋል። ብርቅ ተክል አለበት በተባለ መሬት ላይ ፈቃድ ሲጠየቅ የመጨረሻው ፊርማ የእሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ሲጓዝ የማውቀው ከነአጀቡ ነው። እሳቸው ግን አንድ የትከሻ ቦርሳና በጠፍር የታሰሩ ሁለት ሳንቃዎች ብቻ ይዘው ነበር። ሳንቃዎቹ ቅጠል መጭመቂያ ናቸው፤ በመካከላቸው አሮጌ ጋዜጣ ተነባብሯል። ፈታሹ አገላብጦ ይህን ሁሉ ሊያነቡት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። የሚያነበው ቅጠሉ ነው አሉት። አልሳቀም።

ኮምቦልቻ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጠበቀን። ወደ ደሴ የሚያወጣው መንገድ ተራራውን እየዞረ ይወጣል። እኔ ያደግኩት ሜዳ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ መኪና የሚታጠፈው ሰው ሊያወርድ ነው። እዚህ መሪው አንድም ጊዜ ቀጥ ብሎ አላየሁትም።

ደሴ ስንደርስ ዶክተር ሰዓዳ መኪናውን አስቆሙ። የመንግሥት ሰሌዳ ከዚህ በኋላ ለእኛም ለሹፌሩም ደግ አይደለም አሉ። የሥራ መታወቂያቸውን አውጥተው ለሹፌሩ ሰጡትና የእኔንም ጠየቁኝ። ብዙ አስቸጋሪ መንገድ ሄጃለሁ፤ የጋዜጠኛ መታወቂያዬን ለሰው ትቼ ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ እሳቸው ሰፊ ጥቁር ቀሚስና ሻርፕ ለበሱ፤ ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተሳፈርን።

ከደሴ ሐይቅ በደህናው ጊዜ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኛ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሁለት ቦታ አስቆሙን፤ ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ማን እንዳስቆመን በሁለተኛው ቦታ አላወቅኩም፤ ከተሳፋሪውም የጠየቀ የለም። ያስተዋልኩትን ልጻፍ፦ ከሁለተኛው ፍተሻ በፊት፣ ማንም ሳያዘው፣ ረዳቱ ሙዚቃውን አጠፋ። አንዲት እናት የሚያለቅስ ሕፃኗን ጡት አጎረሰችው። ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በመስታወቱ ዶክተር ሰዓዳን ደጋግሞ ያይ ነበር። ሐይቅ ስንወርድ እሱም ወረደ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫም ሄደ። እኔ ግን ጀርባውን እስኪሰወር ድረስ በዓይኔ ተከትየዋለሁ።

ያረፍነው ወይዘሮ ከድጃ ከሚባሉ ሴት ፔንሲዮን ነው። የእንግዳ መዝገቡን ስገልጠው ዘጉብኝ። «ስማችሁን አልጽፍም። የጠየቀኝ ቢኖር የአክስቴ ልጆች ናችሁ» አሉ። ዶክተር ሰዓዳን ወደ ራሳቸው መኝታ ቤት ወስደው እሳቸው ሳሎን አነጠፉ። ሐዋሳ የሆቴል ዘበኛ መታወቂያ ካላየ በር አይከፍትም፤ እዚህ ደግነቱ ስምን አለመጠየቅ ሆኗል።

ረቡዕ

አምባሰል ሥር ወዳለችው ውጫሌ የሚሄድ መኪና ስላልነበር ቀኑን ሐይቅ ዋልን። ጠዋት ወደ ውሃው ወረድኩ። ሐዋሳ የውሃው ዳር መናፈሻና መዝናኛ ነው፤ እዚህ ሽንኩርቱና በቆሎው ውሃው አፍ ድረስ ይበቅላል፤ ጫቱም አለ። ዓሣው ያው የምናውቀው ቆሮሶ ነው። እኛ ጥሬውን በሚጥሚጣ ስንበላ ወይዘሮ ከድጃ ሰምተው አያውቁም ኖሮ ስነግራቸው «ጥሬ? ድመት ናት እንዴ የወለደቻችሁ!» ብለው ለእኔ በደንብ የተጠበሰ፣ አጥንቱ የሚንኮሻኮሽ አመጡልኝ።

ውሃው ዳር ካለው ገዳም በኩል ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ እያየን ዶክተር ሰዓዳ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። የተወለዱት ከዚህ ሩቅ ባልሆነ፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለ መንደር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የዚህን ዙሪያ ዛፍ ሲመዘግቡ የወንዶቹ ገዳም ሴት ስለማያስገባ፣ ከውጭ ሆነው አንድ ወንድ የክፍል ጓደኛቸውን እየላኩ ቅጠል ያስመጡ ነበር። ጓደኛቸው ሁሉንም አረንጓዴ ነው ይላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በራሴ ዓይን ያላየሁትን አልጽፍም አልኩ አሉ።

አምባሰል የወጡትም እንዲህ ብለው ነው። ወጣት መምህር ሳሉ አንድ የታወቁ ሽማግሌ፣ አበጋር እንድሪስ፣ በገደል ግድግዳ ላይ የምትበቅል አንዲት ተክል አሳዩዋቸው። አበጋር በወሎ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃሉን የሚሰማው ሰው ነው። የአካባቢው ሰው በተክሏ ሥር የሆድ ሕመም ያክማል፤ የሚቆፍሩትም ጥቂት ሰዎች፣ በልክ ነበር። ዶክተር ሰዓዳ አንድ ዘለላ ጨምቀው አደረቁ፤ በለጠፉበት ወረቀትም ላይ ሙያቸው የሚያዘውን ሁሉ ጻፉ፦ የመንደሩን ስም፣ ምንጩን፣ ከምንጩ ወዴት እንደሚወጣ፣ በስንት እርምጃ።

«በእኛ ሙያ ቦታው ያልተጻፈ ቅጠል ገለባ ነው» አሉኝ። «ጽሑፌ ወጣ፤ ተጨበጨበልኝ። ማዕረግ ያገኘሁትም በእሱ ነው። በዓመቱ ነጋዴዎች ወረቀቱን ይዘው መጡ። በመንደሩ ስም፣ በምንጩ፣ በእርምጃው ቆጥረው ሄደው ገደሉን ከሥሩ ነቀሉት።»

አሁን ደግሞ አንድ ድንጋይ ፈላጭ ድርጅት የዚያኑ ገደል ሥር ጠይቋል። በፋይሉ ውስጥ ያለው የባለሙያ ሪፖርት ተክሏ ጠፍታለች፣ የሚከለክል ነገር የለም ይላል። መሥሪያ ቤቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ምክንያቱን ጽፎ ካልተቃወመ ፈቃዱ እንደተሰጠ ይቆጠራል። ዶክተር ሰዓዳ ሪፖርቱን ባያምኑትም በወሬ መቃወም አልፈለጉም። ራሳቸው አይተው ሊወስኑ መጡ። ችግሩ ብትገኝም አያልቅም። ተክሏ አለች ብሎ ለመቃወም ትክክለኛ ቦታዋ በፋይሉ ላይ መስፈር አለበት፤ ፋይሉን ደግሞ ጠያቂውም፣ ስንት ጸሐፊና ባለሙያም ያየዋል። ካልጻፉ ድንጋይ ፈላጩ ይወስዳታል፤ ከጻፉ ሥር ቆፋሪው።

ታጣቂ ይፈሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እንደማንኛውም ሰው እፈራለሁ አሉ፤ ከሁሉ የሚፈሩት ግን የአበጋር እንድሪስን ፊት ነው።

ማታ ስልክ ሲሠራ፣ የአበጋሩን ቤተሰብ የሚያውቁት ወይዘሮ ከድጃ የሚወስደን ሰው እንዲልኩልን ወደ መንደሩ ደወሉ።

ሐሙስ

በማለዳ የአበጋሩ ልጅ ሐያት ልትወስደን መጣች። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ብዙም አልሆናት፤ አነጋገሯ ፈጣን ነው። ዶክተር ሰዓዳን ከላይ እስከ ታች አይታ «በወረቀት ያወቅንሽ አንቺ ነሽ?» አለቻቸው። ሰላምታዋ ይህ ብቻ ነበር።

በሚኒባስ ውጫሌ ደረስን። መናኸሪያው ላይ ሰው ቆሞ ያወራል፤ ድምፅ ግን የለም። ባጃጅ ይዘን ኮረኮንቹ እስኪያልቅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። የአምባሰል ግንብ የመሰለ ገደል ከፊታችን ቆሟል። ሐያት እፊት እፊት እየሄደች፣ ሰው ካስቆመን እኔ ልናገር፣ እናንተ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ አለችን።

ወንዙን እንደተሻገርን ከዛፍ ሥር መሣሪያ የያዙ ሦስት ሰዎች ተነሡ። ሐያት የአበጋር እንድሪስ እንግዶች ናቸው አለች። ታላቅየው ዶክተር ሰዓዳን ሥራቸውን ጠየቃቸው። አስተማሪ ነበርኩ አሉ፤ እውነት ነው። ሳንቃው ምንድን ነው አለ። ቅጠል ማድረቂያ ነው አሉት። አስፈታው።

ጋዜጦቹን አንድ በአንድ ይገልጥ ጀመር። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። ከገጹ ታች ዶክተር ሰዓዳ ከመድረክ ላይ ሪባን ሲቆርጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከሥሩ ስማቸውና ሹመታቸው። መታወቂያቸውን ደሴ ትተው ፎቷቸውን ተሸክመው መጥተዋል። ጋዜጣውን ከቢሯቸው ሲያነሡ ለቅጠል የሚሆን ወረቀት እንጂ ሌላ አላዩበትም፤ እኔም ጋዜጠኛ ሆኜ አንድ ጊዜ እንኳ አልገለጥኩትም።

ሰውየው ገጹን ይዞ ቆየ። ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው ዓይናቸውን አልሰበሩም። ሰውየው ገጹን አጥፎ ከሌሎቹ መሐል መለሰው፤ ጠፍሩንም ራሱ አሰረው።

«አበጋርን ሰላም በሉልን» አለ።

አይቶ ይሁን ሳያይ፣ አንብቦ ይሁን ሳያነብ አላውቅም። ኮረብታውን ከዞርን በኋላ ዶክተር ሰዓዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሐያት ገጹን አውጥታ ፎቶውን አየች፤ ቀዳድዳ ከድንጋይ ሥር ቀበረችው። «በፎቶው ላይ ወፈር ትያለሽ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ከእሷ የወጣ የመጀመሪያው ደግ ቃል ነበር።

አበጋር እንድሪስ ከቤታቸው ደጅ ቆመው ጠበቁን። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ዕድሜ ግን አጎንብሷቸዋል። ዶክተር ሰዓዳ ጉልበታቸውን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ በክንዳቸው ያዟቸው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ እንጀራ፣ ነገር ከእንጀራ በኋላ ነው አሉ። የማሽላ እንጀራ በሽሮና እርጎ ቀረበልን። በእኛ አገር በዳይ ቤት ሲመጣ ምግብ የሚቀርበው ከዕርቅ በኋላ ነው፤ እዚህ ግን ቀድሞ ቀረበ። ዶክተር ሰዓዳ ሦስት ጉርሻ አልበሉም።

ሽማግሌው ከጸሎት በኋላ ተናገሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ነጋዴዎቹ ከሄዱ በኋላ ሰው ‹ገደሉን ያሳየው እንድሪስ ነው› ብሎ ነበር። የተጣላ ሰው ደጃቸውን እያለፈ ወደ ሌላ መንደር አስታራቂ ሲሄድ ሦስት ዓመት ተቀምጠው አይተዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ያሳየሁሽ እንድታውቂያት ነበር» አሉ። «አሁን ምን ልትወስጂ መጣሽ?»

ዶክተር ሰዓዳ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ፋይሉን፣ ድንጋይ ፈላጩን፣ ክረምቱን። ሽማግሌው ነገ ውጡና እዩ ብቻ አሉ።

ዓርብ

ከሐያት ጋር ጎህ ሲቀድ ወጣን። መንገዱ ለፍየል የተሠራ ነው። ከግማሹ በኋላ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቆ ወደ ታች ወረደ፤ ድንጋይ ሲመታ ቆጠርኩ፣ ብዙ ጊዜ መታ። ዶክተር ሰዓዳ የሳንቃቸውን ጠፍር ፈትተው ጫማዬን ጠመጠሙልኝ። የገደሉ ግንብ ላይ ደረታችንን አስጠግተን ወደ ጎን ስንሄድ ሐያት ወደ ታች አትዩ ብትለንም እኔ አየሁ። ባላይ ይሻል ነበር።

የድሮዎቹ ጉድጓዶች እስካሁን አሉ፤ ሳር እንኳ አልሸፈናቸውም። ዶክተር ሰዓዳ በየጉድጓዱ አጠገብ ሲያልፉ ይቆማሉ። ከዚያ አንድ ጠባብ መደርደሪያ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ አዩ፤ ብዙ ቆዩ። ሲዞሩ ፊታቸው አቧራና እንባ ነበር። እኔም ተኝቼ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ለማያውቅ ሰው ግራጫ ቅጠል ያላት፣ ትኩር ብሎ የማያያት ተክል ናት። ሳንቃውን አምባሰል ድረስ ተሸክመው የመጡት ሴት አንዲት ቅጠል አልቆረጡም።

ደስታው ከዚያ መደርደሪያ አልወረደም። ወደ ታች ሲያዩ ድንጋይ ፈላጩ የጠየቀው ሜዳ በቀጥታ ከሥራችን ነበር። እሱ በደማሚት ከተመታ ግንቡ እንደማይተርፍ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «አለች» አሉ፤ «አሁን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ከአንድ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ፤ ክርስቲያኖቹም መጡ። ዶክተር ሰዓዳ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ሰው ያያቸው የነበረውን አስተያየት ሳየው ከወንዙ ዳር ይልቅ እዚህ ፈራሁላቸው። ከዚያ መመሪያውን አስረዱ። ለመቃወም የሚያበቃው ምክንያት ጥቂት ነው፦ ብርቅ ተክል ከነቦታዋ፣ የእምነት ቦታ፣ ወይም ሰው የተቀበረበት መቃብር።

አንድ ሰው ታዲያ መቃብር ነው ብለው ይጻፉዋ አለ። እሳቸው ያላየሁትን መቃብር አልጽፍም አሉ።

ሐያት ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። «ያለውን ጽፈሽ አጠፋሽን» አለች፤ «የሌለውን ጽፈሽ ብታድኚን ምን አለበት?»

ዶክተር ሰዓዳ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እኔም ዕድሜ ልኬን ባየሁት ነገር ላይ ብቻ የጻፍኩ ሰው፣ ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁ።

አበጋር እንድሪስ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ይህ ሲሆን ሌላ ሰው አይናገርም። «እሷ አትዋሽም» አሉ። «አንድ ጊዜ በእውነት አጥፍታናለች፤ በውሸት እንድታድነን አንጠይቃትም። እውነት እናድርገው። ከገደሉ ሥር ያለው ሜዳ ከዛሬ ጀምሮ መቅበሪያ ነው። የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ስሞት እዚያ ቅበሩኝ። የሞተ ሰው ባለበት እስላሙም ክርስቲያኑም አይቆፍርም፤ ቆፋሪውም መሣሪያውን እዚያ አያሳርፍም።»

ቀድመው የተናገሩት የአበጋሩ የልጅነት ጓደኛ፣ ገበሬው አቶ ደመቀ ናቸው። «አንተ እኮ ዓይኔ እያየ ሁለት ጊዜ ሞተ ተብለህ ተገንዘህ የተነሣህ ሰው ነህ» አሉ። «ክረምቱ ይቀድምሃል። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ አይለቁኝም እንጂ እኔ እተካህ ነበር።»

ሰው ሳቀ፤ አበጋሩም ሳቁ። ዶክተር ሰዓዳ አልሳቁም። ‹ሊቀበርበት የታሰበ› የሚባል ነገር መመሪያው እንደማያውቅ፣ ሰው እስኪቀበር ድረስ ምንም መጻፍ እንደማይችሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«አንቺም አትቸኩዪ፣ እኔም አልቸኩልም» አሉ አበጋሩ። «ቀኑን አላህ ያውቀዋል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና መንደሩን እንዳልጠራ ቃል አስገቡኝ። በሙያዬ መጀመሪያ የሚጻፈው ቦታ ነው። ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ

በሄድንበት መንገድ ተመለስን። ወንዙ ዳር ማንም አልነበረም፤ ባዶውን ቦታ ማለፍ ሰዎቹ ካሉበት ቀን ይልቅ ከበደኝ። ከዛፉ ሥር ገና የሚጨስ እሳት ነበር። ሐያት እስከ ውጫሌ ሸኘችን፤ ስትለይ ዶክተር ሰዓዳን አቅፋ ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር አለቻቸው። ምን እንዳለቻቸው ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩኝ፤ ‹አባቴን በዱዓሽ አስቢው፤ ግን ምን ብለሽ እንደምትለምኚ እንጃ› ነበር ያለችው።

ሐይቅ ላይ ወይዘሮ ከድጃ በሚኒባሱ መስኮት የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው አቀበሉን፤ ለሐዋሳው ሰው፣ የበሰለ አሉ። ደሴ መታወቂያችንን ተቀበልን። ፎቶዬን አየሁት፤ አምስት ቀን እንዲህ ያለ ሥራ እንደሌለኝ ሆኜ መኖሬ ገረመኝ።

ከተመለስን በኋላ

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ያልተጣራ ነገር ስለነበረኝ አንድ ዓርብ ከሰዓት ወደ ዶክተር ሰዓዳ ቢሮ ሄድኩ። በየሳምንቱ በዚያ ሰዓት ወደ መንደሩ እንደሚደውሉ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። መስመሩ እስኪይዝ አራት ጊዜ ሞከሩ። ሐያት አነሣች፤ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

አበጋር እንድሪስ ደህና ናቸው። በልተዋል። ይዟቸው የነበረው ሳል ለቋቸዋል። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ነገ ሊያስታርቋቸው ወደ ሌላ መንደር በእግራቸው ይሄዳሉ። ዶክተር ሰዓዳ ይህን ሁሉ እየደገሙ ነገሩኝ፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላም «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እንደገናም አሉት።

ከዚያ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ውጭ ሰማዩ መክበድ ጀምሯል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመው «ሲያነሡ አላህን አመሰግናለሁ» አሉኝ። «ድምፃቸውን ስሰማ ደስ ይለኛል። ስዘጋው ደግሞ እስከ ክረምቱ የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?»

ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የምክንያቱ መስመር ባዶ ነው።